«ጂኤል-5» ከ«ጂኤል-4» ይበልጣልን? የቆየ መኪና የካምቢዮ ዘይት አመራረጥ በፊዚክስ ዓይን

ወደ አንድ የመኪና ዘይት መሸጫ ሱቅ ጎራ ብንል በመልክም በመጠንም የሚመሳሰሉ ሁለት የዘይት ዕቃዎች ጎን ለጎን ተደርድረው እናገኛለን። በሁለቱም ላይ «ኤስኤኢ 80ደብሊው-90» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ልዩነታቸው በደቃቅ ፊደል የሠፈረች አንዲት ቁጥር ናት፤ አንደኛው «ጂኤል-4»፣ ሁለተኛው ደግሞ «ጂኤል-5» ይላል። አምስት ከአራት ስለሚበልጥ ገዢው አብዛኛውን ጊዜ እጁን ወደ ሁለተኛው ይዘረጋል። ነገር ግን ያ ዘይት ማርሹ በእጅ በሚቀየር የቆየ መኪና ካምቢዮ ውስጥ ሲገባ ጥቅሙ ቀርቶ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ምክንያት ከሰበቃና ከዝልግልግነት ሕጎች ተነሥተን እንመረምራለን፤ በመጨረሻም ትክክለኛውን ዘይት እንዴት መምረጥ እንደሚቻል እናያለን።

ጉዳዩ ከብዙ ቤተሰቦች ኪስ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ስለሆነም ቀደም ብለው የገቡት መኪናዎች ለብዙ ዓመታት ተጠብቀው መኖር ይጠበቅባቸዋል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች እስከ ዛሬ የምናያትን፣ በተለምዶ «ቮልስ» የምንላትን የቮልስዋገን መኪና እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የዚህች መኪና ምርት በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1978፣ በሜክሲኮ ደግሞ በ2003 ተቋርጧል። በካምቢዮዋ ውስጥ አንዲት የነሐስ ቀለበት ብትበላ ቀለበቷን ለመቀየር መጀመሪያ ሞተሩ መውረድ፣ ከዚያም ካምቢዮው ራሱ ወርዶ መፈታት አለበት። የቀለበቷ ዋጋ ትንሽ ቢሆን እንኳ የጉልበት ዋጋውና መኪናዋ ቆማ የምታባክነው ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ሁሉ ወጪ ማስቀረት የሚቻለው አንዳንድ ጊዜ በዘይቱ ዕቃ ላይ የተጻፈውን በትክክል በማንበብ ብቻ ነው።

ዘይቱ በካምቢዮ ውስጥ ምን ይሠራል?

ካምቢዮ የሞተሩን ዙር በተለያየ መጠን እየቀነሰ ወይም እየጨመረ ወደ ጎማ የሚያስተላልፍ የማርሾች ስብስብ ነው። በውስጡ ያለው ዘይት በርካታ ተግባራት አሉት። የማርሽ ጥርሶች ብረት ለብረት እንዳይፋተጉ ይለያያቸዋል፤ በሰበቃ የሚፈጠረውን ሙቀት ወደ ካምቢዮው ግድግዳ ያደርሳል፤ ኩሽኔታዎችን ያለሰልሳል፤ ብረቱንም ከዝገት ይጠብቃል።

እነዚህ ሁሉ ዘይት ከተባለ ነገር የምንጠብቃቸው ናቸው። ይሁን እንጂ በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ከዘይቱ አንድ ተጨማሪና ከሌሎቹ ጋር የሚጋጭ ነገር ይጠይቃል። ይኸውም በአንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ሰበቃ እንዲቀንስ ሳይሆን እንዲኖር መፍቀድ ነው። የምርጫው ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ተቃርኖ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በመጀመሪያ «80ደብሊው-90» የሚለውን እንመልከት። ይህ የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር ባወጣው መለኪያ መሠረት የዘይቱን ዝልግልግነት ብቻ የሚገልጽ ነው። ዝልግልግነት ማለት አንድ ፈሳሽ ንጣፎቹ እርስ በርሳቸው እንዳይንሸራተቱ የሚያሳየው ተቃውሞ ነው፤ ማር ከውኃ ይልቅ ዝልግልግ ነው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ቁጥር፣ ማለትም 90፣ ዘይቱ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሲደርስ ዝልግልግነቱ ከ13.5 እስከ 18.5 ሴንቲስቶክስ ባለው ክልል ውስጥ እንደሚገኝ ያመለክታል። «ደብሊው» የሚለው ፊደል ያለበት የመጀመሪያው ቁጥር ደግሞ የብርድ ጊዜ ጠባዩን ይነግረናል፤ 80ደብሊው የሆነ ዘይት ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ በሆነ ብርድ እንኳ ዝልግልግነቱ ከ150,000 ሴንቲፖይዝ አይበልጥም። እንዲህ ያለ ብርድ በአገራችን ከተሞች ስለማይታወቅ ከ80ደብሊው የሚያንስ ቁጥር ፍለጋ መድከም ብዙም አያስፈልግም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ይገባል። ብዙዎች 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ከ50 ቁጥር የሞተር ዘይት በእጅጉ የወፈረ ይመስላቸዋል። የሁለቱ መለኪያዎች ግን የተለያዩ ናቸው። በ100 ዲግሪ ሙቀት 40 ቁጥር የሞተር ዘይት ከ12.5 እስከ 16.3፣ 50 ቁጥር ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9 ሴንቲስቶክስ ይለካል። ስለዚህ 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት በውፍረቱ ከ40 እና ከ50 ቁጥር የሞተር ዘይቶች ጋር የሚቀራረብ ነው። የካምቢዮ ዘይት ቁጥሮች ከፍ ተደርገው የተሰየሙት ከሞተር ዘይት ቁጥሮች ጋር እንዳይምታቱ ነው።

የዝልግልግነት ዋና ጠባይ ከሙቀት ጋር በፍጥነት መለወጡ ነው። አንድ የተለመደ 80ደብሊው-90 ዘይት በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ 140 ሴንቲስቶክስ ገደማ ሲሆን በ100 ዲግሪ ወደ 15 ይወርዳል። የ60 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ዝልግልግነቱን ወደ አንድ ዐሥረኛ ያህል አወረደው ማለት ነው። በደጋ ከተማ በማለዳ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች ስንነዳ ማርሽ አልገባ እያለ የሚያስቸግረው፣ ከጥቂት ጉዞ በኋላ ግን የሚለሰልሰው ከዚህ የተነሣ ነው።

የቆየ መኪና ያላቸው ሰዎች አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2005 መለኪያው ተሻሽሎ 110 እና 190 የሚባሉ ደረጃዎች ተጨምረዋል። ከዚያ በፊት 90 ቁጥር ይባል የነበረው ከ13.5 እስከ 24 ሴንቲስቶክስ ያለውን ሰፊ ክልል ይይዝ ነበር። ስለዚህ የ1960ዎቹ ወይም የ1970ዎቹ መመሪያ መጽሐፍ «90» ቢል የዛሬዎቹን 90 እና 110 ሁለቱንም የሚያጠቃልል መሆኑን መረዳት ያስፈልጋል።

ጫናው ሲበረታ

አሁን ወደ ጂኤል-4 እና ጂኤል-5 እንሻገር። እነዚህ የአሜሪካ የነዳጅ ኢንስቲትዩት የሰጣቸው መጠሪያዎች ስለ ዝልግልግነት ምንም አይናገሩም። የሚናገሩት ዘይቱ ምን ያህል ከባድ ጫና ለመቋቋም እንደተዘጋጀ ነው።

ሁለት የማርሽ ጥርሶች የሚነካኩት እጅግ ጠባብ በሆነ መስመር ላይ ነው። ኃይሉ በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ግፊቱ ከአንድ ጊጋፓስካል፣ ማለትም ከ10,000 የከባቢ አየር ግፊት ሊበልጥ ይችላል። እንዲህ ባለ ግፊት ሥር ዘይት ዝልግልግነቱ በብዙ እጥፍ ይጨምርና ለቅጽበት እንደ ጠጣር ነገር ይሆናል። ጥርሶቹን የሚለያየው ሽፋን ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ማይክሮሜትር በታች ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ግን በዐሥሮች የሚቆጠሩ ማይክሮሜትሮች ነው። ይህ ስስ ሽፋን እስካልተቀደደ ድረስ ብረት ብረትን አይነካም።

በተራ ማርሾች ላይ ጥርሶቹ በአብዛኛው እየተንከባለሉ ስለሚገናኙ ሽፋኑ ይጸናል። ነገር ግን በ1920ዎቹ ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሃይፖይድ የሚባለውን የዲፈረንሻል ማርሽ በመኪናዎቹ ላይ ሥራ ላይ አዋለ። በሃይፖይድ አሠራር ትንሹ ማርሽ ከትልቁ መሐል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ በዚህም ከሞተር ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ዝቅ ስለሚል የመኪናው ወለልም ዝቅ ይላል። ጥቅሙ ይህ ሲሆን ዕዳው ደግሞ ጥርሶቹ በከባድ ጫና ሥር እርስ በርሳቸው በርዝመታቸው መንሸራተታቸው ነው። መንሸራተቱ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱም የዘይቱን ሽፋን ያሳሳዋል፤ በመጨረሻም ብረት ብረትን ነክቶ ይጣበቃል፣ ይቦጨቃል።

መፍትሔው የመጣው ከኬሚስትሪ ነው። የድኝና የፎስፈረስ ውህዶች በዘይቱ ላይ ይጨመራሉ። ጥርሶቹ በሚፋተጉበት ነጥብ ላይ ሙቀቱ ሲያይል ድኙ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ስስ የብረት ሰልፋይድ ሽፋን ይፈጥራል። ይህ ሽፋን ከሥሩ ካለው አረብ ብረት ይልቅ በቀላሉ የሚሸራረፍ በመሆኑ እርሱ እየተላጠ ጥርሱን ያድነዋል። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ያን የሚከረፋ ሽታ ያገኘው ከእነዚሁ የድኝ ውህዶች ነው። ጂኤል-5 የተዘጋጀው በተለይ ለሃይፖይድ ማርሾች ሲሆን የእነዚህ ቅመሞች መጠን ተመሳሳይ ቅመም ካለው ጂኤል-4 ጋር ሲነጻጸር በግምት እጥፍ ነው። ጂኤል-4 መካከለኛ ጫና ላለባቸው ማርሾች ተዘጋጅቷል።

ሰበቃ የሚፈለግበት ቦታ

እስካሁን ባየነው መሠረት ጂኤል-5 የበለጠ ጥበቃ የሚሰጥ ይመስላል፤ ለብረት ጥርስ ሲሆን እውነትም ነው። ነገር ግን በካምቢዮ ውስጥ ሲንክሮናይዘር የሚባል ክፍል አለ። ይህ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ በካዲላክ መኪና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ከዚያ በፊት አሽከርካሪው ማርሽ በሚቀይርበት ጊዜ በተለያየ ፍጥነት የሚሽከረከሩትን ክፍሎች ራሱ በነዳጅና በፍሪሲዮን ማስተካከል ነበረበት፤ ካላስተካከለ ጥርሶቹ ይንጫጫሉ።

ሲንክሮናይዘር በቆዩ መኪናዎች ላይ በአብዛኛው ከነሐስ፣ ማለትም ከመዳብና ከዚንክ ቅልቅል የሚሠራ ቀለበት ነው። የውስጥ ገጹ ሾጣጣ ቅርጽ ስላለው በማርሹ ላይ ካለው የብረት ሾጣጣ ጋር ይገጥማል። አሽከርካሪው የማርሹን ዘንግ ሲገፋ ቀለበቱ በሾጣጣው ላይ ይጫናል፤ በመካከላቸው የሚፈጠረው ሰበቃም የሁለቱን ፍጥነት እኩል ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ጥርሶቹ ያለ ድምፅ ይገባሉ። እንግዲህ ቀለበቱ የሚሠራው እንደ ፍሬን ነው። የትኛውም አሽከርካሪ የፍሬን ሸራ ላይ ዘይት እንዲፈስ አይፈልግም፤ ሲንክሮናይዘር ግን ዘወትር በዘይት ውስጥ ተዘፍቆ ፍሬን መሆን ይጠበቅበታል። በቀለበቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚታዩት ደቃቅ ጭረቶች የዘይቱን ሽፋን ቆርጠው እንዲያስወግዱ የተሠሩ ናቸው።

በአንድ ቀላል ስሌት እንየው። መኪናው ከ2ኛ ወደ 3ኛ ማርሽ የሚቀየረው ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ነው እንበል። የ2ኛ ማርሽ ሬሾ 2.06፣ የ3ኛው 1.26 ከሆነ ከፍሪሲዮኑ ጋር የተያያዙት ክፍሎች በደቂቃ ወደ 1,835 ዙር መውረድ አለባቸው። ልዩነቱ 1,165 ዙር፣ ወይም በሴኮንድ 122 ራዲያን ገደማ ነው። የእነዚህን ክፍሎች ኢነርሺያ 0.005 ኪሎ ግራም ሜትር ካሬ ብለን ብንወስድና ፍጥነቱ በ0.25 ሴኮንድ እንዲስተካከል ብንፈልግ የሚያስፈልገው ጠምዛዥ ኃይል 2.4 ኒውተን ሜትር ያህል ይሆናል። ስሌቱን ለማቅለል ይህ ጠምዛዥ ኃይል በቀጥታ በቀለበቱ ላይ እንደሚገኝ እናስብ። የቀለበቱ ሬዲየስ 3 ሴንቲ ሜትር፣ የሾጣጣው ማዕዘን 7 ዲግሪ፣ የሰበቃው ኮኤፊሸንት ደግሞ 0.10 ቢሆን ቀለበቱን ለመግፋት ወደ 100 ኒውተን የሚጠጋ ኃይል ይበቃል።

አሁን ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትተን ይበልጥ የሚያንሸራትት ዘይት እንጨምር፤ ኮኤፊሸንቱም ከ0.10 ወደ 0.07 ይውረድ። በዚያው የእጅ ኃይል ፍጥነቱን ለማስተካከል አሁን 0.36 ሴኮንድ ያስፈልጋል። አሽከርካሪው ግን እጁ የለመደው 0.25 ሴኮንዱን ነው። የማስተካከያው ሥራ ሳያልቅ ዘንጉን አጥብቆ ሲገፋ ጥርሶቹ ይንጫጫሉ፤ ቀለበቱም ከሚገባው በላይ እየተንሸራተተ ይበላል። «ካምቢዮው ይጮኻል» ተብሎ ወደ ጋራዥ የሚመጣ መኪና ሁሉ ችግሩ ከዘይት ነው ማለታችን አይደለም፤ ሆኖም መፍታት ከመጀመሩ በፊት ምን ዘይት እንዳለበት መጠየቅ ብልህነት ነው።

ድኝና መዳብ

ሁለተኛው ችግር ኬሚካዊ ነው። ብረትን ለማዳን የታሰበው ድኝ ከመዳብ ጋርም ይዋሐዳል። የቆየ የብር ወይም የመዳብ ዕቃ የሚጠቁረው በአየር ውስጥ ካለ የድኝ ውህድ ጋር ሲገናኝ እንደሆነ ይታወቃል። በጋለ ዘይት ውስጥ ይህ ሂደት ይፈጥናል። የዘይት አምራቾች ይህን የሚፈትኑት የተወለወለ የመዳብ ቁራጭ በጋለ ዘይት ውስጥ ለ3 ሰዓት ነክረው የቀለሙን ለውጥ ከ1 እስከ 4 ከተመደቡ የቀለም ናሙናዎች ጋር በማነጻጸር ነው።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ይገባናል። «ጂኤል-5 ሁሉ ነሐስ ይበላል» የሚለው አባባል የተጋነነ ነው። በአሁኑ ጊዜ የሚመረቱ በርካታ ጂኤል-5 ዘይቶች መዳብን የሚጠብቁ ተጨማሪ ቅመሞች አሏቸው። ነገር ግን የጂኤል-5 መለኪያ ስለ ሲንክሮናይዘር ሰበቃ የሚጠይቀው አንዳችም ፈተና የለም። ስለሆነም ዘይቱ ለነሐሱ ባይመርዝ እንኳ ለቀለበቱ ሥራ ይስማማል ብሎ መደምደም አይቻልም።

ታዲያ እንዴት እንምረጥ?

የመጀመሪያው ሕግ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ማመን ነው። አምራቾቹ የተለያየ መንገድ ስለተከተሉ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም። ጥቂት ምሳሌዎች እንጥቀስ።

በቮልስ ካምቢዮና ዲፈረንሻል በአንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠው አንድ ዘይት ይጋራሉ። በመሆኑም ዘይቱ የዲፈረንሻሉን ጥርስ ሊጠብቅ፣ ቀለበቶቹንም ሊያሠራ ይገባዋል። ለዚህች መኪና የሚስማማው 80ደብሊው-90 ወይም 90 ቁጥር ጂኤል-4 ሲሆን በሚቀየርበት ጊዜ 2.5 ሊትር ይበቃል።

ፔጆ 404 እና 504 በካምቢዮአቸው ውስጥ የሞተር ዘይት እንዲሞላ ሆነው የተሠሩ ናቸው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣችው ሚኒ ደግሞ ሞተሯና ካምቢዮዋ አንዱን ዘይት ይጋራሉ። በአሜሪካ የተሠራው ቲ-5 የሚባለው ካምቢዮ በኋለኛው ዓይነቱ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይጠቀማል። በእነዚህ ካምቢዮዎች ውስጥ 90 ቁጥር ዘይት መሙላት ማርሹን ያከብደዋል።

የኋላ ጎማ የሚነዱና ዲፈረንሻላቸው ለብቻው የተቀመጠ መኪናዎች ሁለት የተለያዩ ዘይቶች ሊፈልጉ ይችላሉ። ዲፈረንሻሉ ሃይፖይድ ከሆነ ጂኤል-5 የግድ ነው፤ በዚያ ቦታ ጂኤል-4 መጨመር ጥርሶቹን ለመቦጨቅ ያጋልጣል። እንግዲህ ስሕተቱ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል።

መመሪያ መጽሐፉ በጣም የቆየ ከሆነ «ጂኤል» የሚለው መጠሪያ ላይገኝበት ይችላል። በምትኩ የአሜሪካን ጦር ሠራዊት መለኪያ ሊጠቅስ ይችላል። «ኤምአይኤል-ኤል-2105» የሚለው ከጂኤል-4፣ «ኤምአይኤል-ኤል-2105ቢ» የሚለው ደግሞ ከጂኤል-5 ጋር የሚመጣጠን ነው። አንዲት ፊደል ትርጉሙን እንደምትለውጥ ልብ ይሏል። «ጂኤል-4/ጂኤል-5» የሚል ድርብ ጽሑፍ ያለበት ዘይት ሲያጋጥም ደግሞ አምራቹ ለሲንክሮናይዘር ካምቢዮ እንደሚስማማ በግልጽ መጻፉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ዘይት በሚቀየርበት ጊዜ የሚከተሉትን ማስታወስ ይጠቅማል። በመጀመሪያ የሚፈታው የመሙያው ቡሎን ነው፤ ማፍሰሻውን ከፍተን ዘይቱ ካለቀ በኋላ መሙያው አልፈታ ቢለን መኪናዋ ባለችበት ትቀራለችና። ዘይቱ ከአጭር ጉዞ በኋላ ሞቅ ሲል ቢፈስ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። በአብዛኞቹ የቆዩ ካምቢዮዎች አዲሱ ዘይት የሚሞላው እስከ መሙያው ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር ድረስ ነው። በወጣው ዘይት ውስጥ ወርቃማ ብናኝ ካየን የነሐስ ቀለበቶቹ እየተበሉ መሆኑን እንረዳለን። አሮጌው ዘይት ወደ ቦይ መደፋት የለበትም።

በካምቢዮው ውስጥ ያልተስማማ ዘይት መኖሩ ቢታወቅ መደናገጥ አያስፈልግም፤ አፍስሶ ትክክለኛውን መተካት ይበቃል። ሆኖም የተበላ ቀለበት በዘይት አይድንም። ድምፅ ለማጥፋት ሲባል 140 ቁጥር መሙላትም ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ አያድንም፤ በማለዳ ማርሹን ይበልጥ ያከብደዋል።

ለተማሪዎች አንድ ሙከራ

ዝልግልግነትን በዓይን ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ረዘም ያለ ግልጽ ብርጭቆ በካምቢዮ ዘይት ይሞላና ከብስክሌት ኩሽኔታ የወጣች ትንሽ ጥይት ትጣልበት። ከላይ እስከ ታች የወሰደችው ጊዜ በሰዓት ይለካ። ከዚያም ዘይቱ በፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ ሙከራው ይደገም። በአየርላንድ የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ስቶክስ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሳየው ሕግ መሠረት የጥይቷ ፍጥነት ከዝልግልግነቱ ጋር ተገላቢጦሽ ነው፤ ጊዜው በግማሽ ካጠረ ዝልግልግነቱም በግማሽ ያህል ወርዷል ማለት ነው። ጂኤል-4 እና ጂኤል-5 የሆኑ ሁለት 80ደብሊው-90 ዘይቶች ቢነጻጸሩ ደግሞ ጥይቷ በሁለቱም ውስጥ በተቀራራቢ ጊዜ ትወርዳለች። በዚህም የሁለቱ ልዩነት በውፍረት ሳይሆን ዓይን በማያየው ኬሚስትሪ ላይ መሆኑን እናረጋግጣለን።

ለማጠቃለል ያህል፣ አራትና አምስት የፈተና ውጤቶች አይደሉም፤ የሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስሞች ናቸው። ጂኤል-5 የተፈጠረው ለሚንሸራተት የብረት ጥርስ ነው፤ በእጅ የሚቀየር የቆየ ካምቢዮ ደግሞ በዘይት ውስጥ ሆኖ ፍሬን የሚይዝ የነሐስ ቀለበት አለው። ስለዚህ ባለመኪናው ወደ ሱቅ ሲሄድ «የቱ ይበልጣል?» ከማለት ይልቅ «በዚህ ቤት ውስጥ ምን ከምን ጋር ይፋተጋል?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። መልሱን መመሪያ መጽሐፉ ይሰጠዋል፤ ምክንያቱን ደግሞ የሰበቃ ሕግ ያስረዳዋል።